ያልሰከረ ግድግዳ

ኮኪት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ

ይድረስ በደጋው ብርድ አገር ለምትኖሪው ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል እህቴ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እዚህ እኛ ጉንፋንን የምናውቀው በሬዲዮ ብቻ ነው፤ በዚህ ሙቀት ጀርሙም ጥላ ፍለጋ ተሰዷል። እምዬ ደህና ናት። «ብይ በያት» ብላለች፤ እንግዲህ ብይ። አባባም ደህና ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽራቸውን እየፈለጉ ነው። ቡሬዋ ላም ወልዳለች። እኔም «ደህና ነኝ ብለሽ ጻፊ» ተብያለሁ፤ ይኸው ጽፌያለሁ።

ደብዳቤሽ በማሽላ ጫኙ ሹፌር እጅ ደረሰን። የስልኩ ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ሰውየው የወረዳው ቴሌ ሆኗል፤ እሱም ስለገባው አረማመዱን ቀይሯል። ፖስታውን የሰጠኝ እንደ ሹመት ደብዳቤ በሁለት እጁ ይዞ ነው። ቤት ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ይርዳውን ያየ ሰው አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ያ ድርጅት የመስኖው ቦይ ከመቀደዱ በፊት መሬቱ ውስጥ ጥንታዊ ቅርስ መኖሩን የሚያዩለት ሁለት ባለሙያ እንደሚፈልግ፣ አንዱን ቦታ ላንቺ ሰጥቶ ሌላውን ለይርዳው ይዞ እየጠበቀ እንደሆነ፣ አንቺም «እሱ ሳይመጣ አልጀምርም» ብለሽ እንደተቀመጥሽ፣ ከዚህ ወር በኋላ ግን እንደማይጠብቋችሁ ጽፈሽ «ምን ላድርግ?» አልሽ። «እውነቱን ንገሩኝ» ብለሻል መጨረሻው ላይ።

እታለም፣ በዚህ ቤት ስለ ዝናብ፣ ስለ ሰሊጥ ዋጋ፣ ስለ ካርቱም ጦርነት አስተያየት የሌለው ሽማግሌ እንደሌለ ታውቂያለሽ። ላንቺ መልስ ጻፉ ሲባሉ ግን የሁሉም ዓይን አንድ ላይ ታመመ። አባባ «አንች ብዕር ትችያለሽ» አሉኝ። ስምንተኛ ክፍል እያለሁ «ጽሕፈትሽ የዶሮ ጭረት ነው» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ለማንኛውም ዶሮዋ ትጭራለች፤ አንቺ አንብቢ። ግን ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። የምታውቂውንም እነግርሻለሁ። ታገሽኝ፤ መጨረሻው ላይ ቶሎ መድረስ አልፈለግሁም።

ይርዳው የአርኪዮሎጂ ተማሪዎቹን ከጎንደር በአይሱዙ ጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ ስኳር የመጣ መስሎት መሰለፉ ትዝ ይልሻል? ከስኳሩ ፋንታ እናንተ ወረዳችሁ። የድንጋይ ዘመንን ከነአጎቱ ከነአክስቱ የምታነበንቡ፣ አካፋ ግን በየትኛው ጫፍ እንደሚያዝ የማታውቁ። ከወንዙ ዳር፣ ከአያ ባንተአምላክ የሰሊጥ ማሳ ጥግ ደርድሮ አቆማችሁና «ዲግሪያችሁ ለአባቶቻችሁ ሳሎን ነው፤ እኔ የማስተምራችሁ ለሆዳችሁ ነው» አለ። አንቺ የዚያን ቀን ጠልተሽው ነበር። «የግንበኛ ልጅ ነው መሰለኝ» ብለሽ ለእምዬ ስታሚው ሰምቻለሁ።

የግንበኛ ልጅ ነበር ደግሞ። የጭቃ መምረጊያ ካዞላውም የአባቱ ነው፤ አፈር በካዞላ እየላገ፣ በቱንቢና በውሃ ልክ እየለካ፣ ሰው ሠራ ከናንተ። ወንፊት አስነፋችሁ። የአፈሩን ቀለም በምላስ እንደሚቀመስ ወጥ ለይታችሁ እንድትናገሩ አደረገ። ፀሐይ የመታውን ሰው እንዴት እንደሚያነሱ፣ ለሠራተኛ ምን ያህል ውሃ ሳይዙ ሥራ እንደማይጀመር፣ ከባለመሬት ጋር ሳይጣሉ እንዴት እንደሚነጋገሩ። «መንገድ ሲሠራ፣ ቦይ ሲቀደድ ከግሬደሩ ፊት የሚቆም ሰው ይቀጠራል። ደሞዙ ላወቀ አይደለም፣ ሠርቶ ላሳየ ነው» ይል ነበር። አባባ ይህን ሲሰሙ እስኪያስላቸው ሳቁ። «አፈር በብሩሽ ለሚጠርግ ደሞዝ? እንግዲያማ እናታችሁ ሚኒስትር ትሁና!» አሉ። እምዬ መጥረጊያዋን ይዛ ከኋላቸው ቆማ ነበር፤ አላዩዋትም።

አያ ባንተአምላክስ! ካስማውና ሲባጎው ማሳቸው ዳር ሲወጠር ያዩ ጊዜ መሬቱ ለባለሀብት ሊለካ ነው ብለው ካስማውን ነቅለው ፍየል አሰሩበት። ይርዳው አልተቆጣም። ተማሪዎቹን ጠርቶ «ዛሬ ትምህርቱ ይኸው ነው፤ ካስማውን ሳትጣሉ አስመልሱ» አለ። ሙሉ ቀን ፈጀባችሁ። አንቺ ነሽ ያስመለስሽው፤ ፍየላቸውን አድንቀሽ። ይርዳው ያን ቀን ነው አንቺን ያየሽ ብዬ ነው የማስበው፤ ከዚያ በፊት የሚያየው አፈሩን ነበር።

እኔን እንኳ አስገባኝ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት ለቤት ሳውደለድል አግኝቶ «ከዚህ አገር ከእህትሽ በቀር አንድም ሰው ሳላሠለጥን ብሄድ ነውር ነው» አለ። ለእያንዳንዱ የራሱ ካሬ ተሰጠው። ካሬውን ብቻውን ቆፍሮ፣ ወለሉን ልክ አድርጎ፣ አራቱን ግድግዳ ቀጥ አድርጎ ያወረደ ሥልጠናውን ጨረሰ ማለት ነው፤ ለድርጅቶቹ «ይህችን ቅጠሯት» ብሎ ይናገርላታል። አንቺ በመጀመሪያው አለፍሽ። እኔ ስንት ጊዜ ወደቅሁ! ቱንቢውን አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ይጨፍንና «አይ፣ ግድግዳሽ ሰክሯል» ይለኛል። አንድ ቀን «የትኛው ጠላ ቤት አድሮ ነው?» ብሎኛል። ተናድጄ ቱንቢውን ወንዝ ልወረውር ስል አንቺ ነሽ ያስጣልሽኝ።

አንድ ሕግ ነበረው፤ አንቺም ትይዋለሽ፣ እኔም በሕልሜ እለዋለሁ። ጉድጓድ ውስጥ የተገኘ ነገር ሲጻፍ «ያየሽውን ጻፊ፤ የመሰለሽን ለራስሽ ያዥው»። አንድ ተማሪ «የንጉሥ አጥንት» ብሎ ጽፎ የአህያ ሆኖ ከተገኘ ወዲህ ሕጉ ጠበቀ።

ጫማውንስ ትረሽዋለሽ? የግራ ሸራ ጫማው አፉን ከፍቶ አንቺ በካሬ መወጠሪያው አረንጓዴ ሲባጎ ዙሪያውን ሰፍተሽ ሰጠሽው። ምስጋና ስትጠብቂ «የሥልጠናውን ሲባጎ ለግል ጫማ!» ብሎ በተማሪዎቹ ፊት ገሠጸሽ። ከዚያ ግን ሌላ ጫማ ሲያደርግ ያየው የለም። እኔ በስፌቱ ስስቅ ነበር፤ ስፌትሽ እኮ እንደኔ ግድግዳ ነው፣ አንድ ቦታ ወፍራም፣ ተረከዙ ጋ ሦስቴ የተደራረበ።

የክርስትና ስሙን ደግሞ ሁላችንም ለምነን አልነገረንም። «ማን ነህ? ወልደ ማን? ኃይለ ማን?» ስንለው «ትስቃላችሁ» ይላል። እኔ እንኳ አልስቅም ብዬ በሰባት ታቦት ምዬ ነበር፤ እየሳቅሁ ስለማልኩ አላመነኝም። ላንቺ ግን አንድ ቀን ወንፊቱ ጋ ሆኖ በጆሮሽ ነገረሽ። አንቺም ሳቅሽ፤ ከዚያ አልሳቅሽም። ለእምዬ ሄጄ «አማች መጥቶልሻል» ያልኳት ያን ዕለት ነው።

እንግዲህ ጥቅምት መጣ። ሰሊጡ ታጭዶ፣ ነዶው በየሂላው ተከምሮ ቆሞ ሲደርቅ፣ ከደጋ የወረዱት አጫጆች በየማሳው ሲርመሰመሱ፣ ተኩሱ ተነሣ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ አሁንም ሽማግሌዎቹ ይከራከራሉ፤ ያኔ ግን ማንም አልተከራከረም፣ ሁሉም ሮጠ። አንቺ ከተማሪዎቹ ጋር በመጨረሻው መኪና ስትወጪ ይርዳው ቀረ። ምን እንዳለ ከእኔ የበለጠ ታውቂያለሽ፤ በሩ ላይ ቆመሽ የሰማሽው አንቺ ነሽ። «ጉድጓድ ከፍቶ ጥሎ የሚሄድ ባለሙያ አይደለም፣ ሌባ ነው። ልሙላና እደርስባችኋለሁ» አለ። እኛም ወደ መተማ ዮሐንስ ሸሸን፤ አባባና ጥቂት ወንዶች ብቻ ከብቱን ሊጠብቁ ቀሩ።

ስንመለስ ወንዙ ዳር ሄጄ አየሁ። ሁሉም ካሬ ተሞልቷል። የኋላ ሰው ቁፋሮው የት ላይ እንደቆመ እንዲያውቅ ከታች ላስቲክ አንጥፎ፣ አፈሩን መልሶ፣ ረግጦ። የእኔን ካሬ እንኳ ሞልቶታል፤ ግድግዳዋን በመጨረሻ አቃንቶልኝ ይሆን እያልኩ ቆሜ ነበር። እሱ የለም።

ያን ጊዜ ነው፣ ስልኩ ገና እያለ፣ ደውለሽ ስትጠይቂያት ዘሀቢያ ያን ነገር የነገረችሽ። ከሱዳን በስደት መጥታ ድንበሩ በር ላይ ሻሂ የምትሸጠዋ ዘሀቢያ። «ወላሂ፣ ረጅም ሰውዬ፣ ወገቡ ላይ ሜትር ያለው፣ ሻሂ ጠጥቶ ማዶ ወደ ገላባት ተሻገረ» አለችሽ። ሁላችንም በዚያች ሻሂ ከረምን። አባባ እንኳ ለጎረቤት ሲያወሩ «ገላባት ነው ያለው» ይላሉ፤ ልክ ገላባት ደብዳቤ የጻፈላቸው ይመስል።

አሁን ወደ ፋሲካ ሰሞን ልምጣ። ከጎጃም ሰዎች መጡ። ጥቅምት ላይ አጨዳ ወርደው ያልተመለሱ ልጆቻቸውን ፍለጋ። ከነሱ ውስጥ ነጠላዋን አደግድጋ የመጣች አንዲት እናት ነበረች፤ ከማንም ጋር አትነጋገርም፣ ሰው ሁሉ እግር ላይ ግን ዓይኗን ትጥላለች። ያኔ ነው አባባና አያ ባንተአምላክ ያልነገሩን ነገር የወጣው። በተኩሱ ሰሞን አስፋልቱ ዳር የወደቁ ሰዎች አግኝተዋል። ፀሐይ ስለዋለባቸው ፊታቸውን መለየት አልተቻለም። «አጫጆች ናቸው» ብለው፣ ተኩሱ ጋብ ባለበት ቅጽበት ቤተ ክርስቲያን ማድረስ ስላልቻሉ ማሳው ውስጥ በጨለማ፣ በጥድፊያ በአንድ ጉድጓድ ቀበሯቸው። ለምልክት ምን አደረጉ ብትይኝ፣ «የባንተአምላክ ሦስተኛው ሂላ ሥር» ብለው ተስማሙ።

ሂላ! እታለም፣ ሂላ! ተወቅቶ፣ በጆንያ ገብቶ፣ ተጭኖ የሚሄድ ነገር! መቃብርን ሊሄድ በተዘጋጀ ሰሊጥ ላይ ምልክት የሚያደርጉ ሽማግሌዎች ከእኛ አገር በቀር የት ይገኛሉ? ሰሊጡ ተወቃ። ገለባው ተቃጠለ። ማሳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ጥቁር ሆነ።

ቄስ አለምሰገድ «ትራክተሩ ሳይገባ፣ ክረምቱ ሳይወርድ አፅማቸው ወደ ቅዱስ ቦታ ይፍለስ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ማሳው ላይ ወጡ። አያ ባንተአምላክ «እዚህ ነው፣ በራሴ ማሳ ማን ሊነግረኝ!» ብለው ዶማ አስመቱ፤ የአጫጆቹን የዓምና ሽንት ቤት አገኙ። አባባ «አይደለም፣ ወደ ግራር ነው» አሉ፤ ግራሩ ለከሰል ከተቆረጠ ቆይቷል። ሌላው አዛውንት ጣታቸውን ቀስረው ዝም ብለው ዞሩ፤ ነፋስ የሚለኩ ነው የሚመስሉት። የጎጃሟ እናት በሣር ዳሱ ረኩባ ጥላ ሥር ተቀምጣ በየጉድጓዱ አፈር ሲወጣ ብድግ፣ ሲተው ቁጭ ትላለች። ሳቄ እዚያ ላይ ነው ያለቀው።

አባባ ወደ እኔ መጡ። ቀና ብለው አላዩኝም። «አንች ልጅ፣ ያ የብሩሽ ትምህርትሽ… እዚህ ይሆናል?» አሉኝ።

ይሆናል። እሱ አስተምሮኛል። ዋልካ አፈር በበጋ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ተቆፍሮ የተመለሰ ቦታ ግን ከዙሪያው ጋር አብሮ አይሰነጠቅም፤ ስንጥቁ እዚያ ሲደርስ ዞሮ ያልፋል። ከሥር ያለው ነጫጭ ጠጠር ያለበት አፈርም ላይ ይቀራል። ጠዋት ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ማሳውን እየተመላለስኩ አየሁት። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ በሰልፍ፤ ስቆም ይቆማሉ፣ ሳጎነብስ ያጎነብሳሉ። ሌላ ቀን ቢሆን ሆን ብዬ እንደ ጥንቸል አስዘልላቸው ነበር። ስንጥቁ የዞረበትን አገኘሁና ቆምኩ። ከግራሩም ሩቅ፣ ከሽንት ቤቱም ሩቅ ነው።

በዶማ ሊገቡበት ሲሉ እምቢ አልኩ። ካስማ ተከልኩ፣ ሲባጎ ወጠርኩ፣ ውሃ ልኩን አስቀመጥኩ። አያ ባንተአምላክ «ለሬሳም ውሃ ልክ?» ብለው አጉረመረሙ። «አያ ባንተአምላክ፣ ከጠርዙ ራቅ ይበሉልኝ፣ ግድግዳው ይናድብኛል» አልኳቸው። ራቁ! እኔ አዝዤ እሳቸው ራቁ፤ አንቺ ብታይ አታምኚም። አባባ የሲባጎውን ጫፍ ይዘው ፀሐይ ላይ ቆሙ፣ «ያዙ» ስል ይዘው፣ «ሳብ» ስል ስበው። ቄስ አለምሰገድ እንኳ ወንፊት ነፉ፤ ቆባቸው በአቧራ አመድ መሰለ።

በካዞላ ወረድኩ፣ በብሩሽ ጨረስኩ። አራት ሰዎች ናቸው። ሦስቱን ሰው ለያቸው። አንደኛውን ዘመዶቹ ባንገቱ ባለው የእንጨት መስቀል፣ ሁለተኛውን ወንድሙ በጥርሱ። የጎጃሟ እናት ልጇን ያወቀችው በካልሲው ነው፤ ራሷ የሠራችው። አልጮኸችም። ወደ ጉድጓዱ ዘልቃ «አፈር ይዞህ ከረመ አይደል የኔ ልጅ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ እግሩን ጠረገችው። ከእኔ ብሩሽ በላይ ንጹሕ አድርጋ።

አራተኛው ዘመድ አልመጣለትም።

እዚህ ላይ ሕጉን አከብራለሁ። ያየሁትን እጽፍልሻለሁ። ከጉድጓዱ በስተሰሜን ጥግ፣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ። ረጅም ነው፤ ሌሎቹን በጭንቅላት ይበልጣል። ጥርሱ ሙሉ ነው። ማጭድ የለውም። ቀበቶው ላይ የተሰካ የብረት ሜትር አለ፤ ዝጓል፣ አይወጣም። ቀኝ እጁ ሥር ካዞላ አለ፤ እጀታው ያረጀ፣ የግንበኛ። በእግሩ ሸራ ጫማ። የግራው ዙሪያውን በአረንጓዴ ሲባጎ የተሰፋ፤ አንድ ቦታ ወፍራም፣ ተረከዙ ጋ ሦስቴ የተደራረበ።

ያየሁት ይኸው ነው። የመሰለኝን ለራሴ ይዤዋለሁ።

አባባም አዩት። የሲባጎውን ጫፍ አልለቀቁም፤ «ይልቀቁ፣ በቃ» ስላቸውም አልለቀቁም። ቆይተው የራሳቸውን ጋቢ አውርደው ሰጡኝ፤ ያን ለሠርግ እንኳ ለማንም የማያውሱትን። እዚያው ላይ «ማታ ከብቱን ከማስገባቴ በፊት ወንዙ ዳር አፈር ሲሞላ አይቼው ነበር። ና፣ ቤት ግባ አልኩት። ትንሽ ቀረኝ አለኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህም ስለ ገላባት አያወሩም።

ዘሀቢያ ዘንድ ደግሞ ሄጄ ጠየቅኋት። ያቺ ለጠየቃት ሁሉ መልስ የማታጣ ሴትዮ ብርጭቆዬን በስኳር ሞልታ ሞልታ፣ «ያ ብት፣ አንቺ ልጅ፣ እህትሽ በስልክ ስታለቅስ ነበር፤ ምን ልበላት?» አለችኝ። ሒሳቡንም አልተቀበለችኝም።

አፅሞቹን በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን አሳረፍናቸው። ቄስ አለምሰገድ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የሦስቱን የክርስትና ስም ከዘመዶቻቸው ተቀብለው ጠሩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዞረው «የዚህስ የክርስትና ስሙ ማነው?» ብለው ጠየቁ። አባባ እኔን አዩ፣ እኔ አባባን። ቄሱ «አንተ የምታውቀውን ባሪያህን» ብለው አለፉ። ስም የሌለው ጸሎት ምን ያህል አጭር መሆኑን ያን ቀን አየሁ፤ ለሌሎቹ ረጅም ነበር፣ ለሱ እንደ ሰላምታ አለቀ።

ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ እኔ ወደ ማሳው ተመለስኩ። ጉድጓድ ከፍቶ ጥሎ መሄድ ምን እንደሚያሰኝ ታውቂያለሽ። ከመሙላቴ በፊት ቱንቢውን አንጠልጥዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አራቱን ግድግዳ አየሁ። እታለም፣ አልሰከረም። አንዱም አልሰከረም። ክሩ ከላይ እስከ ታች ግድግዳውን እኩል ተጠግቶ ወረደ። ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ትንሽ ጠበቅሁ፤ ምን እንደምጠብቅ አልገባኝም። «አልፈሻል» የሚል ሰው ነበር የቀረው። ከላይ የነበሩት አያ ባንተአምላክ ብቻ ናቸው፤ ረስተውት የሄዱትን ዶማ ሊወስዱ መጥተው። ቁልቁል አይተው «ቀጥ ብሏል» አሉ። እሳቸው ስለ ግድግዳ ምን ያውቃሉ! ያለቀስኩት ግን ያኔ ነው። እሳቸውም ካስማዎቼን አንድ በአንድ ነቅለው፣ አፈሩን ጠርገው፣ አስረው አስረከቡኝ። ፍየል አላሰሩበትም።

ስለ ሥራው ለጠየቅሽው መልሴ ይኸውልሽ። ያዥው። ነገ ዛሬ አትበይ። ሁለተኛውን ቦታ ለሌላ ሰው ይስጡት፤ ከሱ ተማሪዎች አንዱን ንገሪያቸው፣ እስካሁን ባዶ እጃቸውን የተቀመጡ ሞልተዋል። መናኸሪያ እየሄድሽ ከመተማ የሚመጣ አውቶቡስ መጠበቅሽን ተይ። አዎ፣ አውቃለሁ፤ ሹፌሩ ነው የነገረኝ፤ ቴሌ ነው አላልኩሽም? በድርጅቱ መኪና ስትወጪ ውሃ ሳትይዢ እንዳትጀምሪ። ባለመሬቱ ካስማ ከነቀለብሽ ፍየሉን አድንቂ። ስትጨርሺም ጉድጓዱን ሙዪ።

ካዞላውን አጥቤ፣ በዘይት አሽቼ፣ በእምዬ ሻሽ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። ለሹፌሩ አልሰጠውም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ወስነሽ «የታናሽ እህቴ ይሁን» ካልሽ ደግሞ እዚሁ እሠራበታለሁ። ይኸው ከጎጃም ሌሎች ሰዎች መጥተዋል፤ ከአብደራፊ በኩልም ጠይቀውኛል። ሽማግሌዎቹ አሁን መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቆመው ያሳልፉኛል። ይርዳው ለመንገድና ለቦይ ነበር ያዘጋጀን፤ እኔ በምን ተቀጠርኩ! ሥራ ይጠፋል ብሎ የፈራ ሰው ካለ፣ በዚህ አገር ለእኛ ሙያ ሥራ አይጠፋም በይው።

እምዬ ይህን ጻፊ ብላለች፤ እንደወረደ እጽፈዋለሁ፦ «የወጣሽበት መንገድ ይቅናሽ፣ የምትገቢበት ቤት ይሙቅሽ፤ የተከልሽው ካስማ አይነቀልብሽ፤ ብቻሽን አትዋይ፣ ብቻሽን አትደሪ፤ ጎረቤት ጥሪ።» አባባም ሊጨምሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መነጽራቸውን ፍለጋ ወጡ። ግንባራቸው ላይ ነበር፤ አልነገርኳቸውም።

ወንበዴዋ ታናሽ እህትሽ

ሌላ አንድ ነገር። ቄስ አለምሰገድ «ስሙ ከተገኘ አሁንም ይደርሳል» ብለዋል። ያን በጆሮሽ የነገረሽን የክርስትና ስሙን በሚቀጥለው መኪና ጽፈሽ ላኪልኝ። አልስቅም።